የአሥራ አምስት ቀን ምሳ

በላውካቫራ መንደር፣ ያለ ጉዳይ ሰው ቤት አይኬድም። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ግን ከቤተ ክርስቲያኑም ከመንግሥቱም ሕግ በላይ ይከበራል። መጋዝ ለመዋስ ይኬዳል፤ የተዋሱትን መጋዝ ለመመለስ ይኬዳል፤ ውሻ ጠፍቶብኛል ለማለት ይኬዳል። እንዲሁ ሰው ናፍቆኝ ነው ብሎ በር የሚያንኳኳ ግን ወይ ሰክሯል ወይ ሰው ሞቶበታል ተብሎ ይታሰባል። እንግዳ ገብቶ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ስለ አየሩ ይወራል፤ ቡና ይጠጣል፤ ከዚያ ባለቤቱ "እህ፣ ምን ጉዳይ አመጣህ?" ይላል። መልስ ያላዘጋጀ ሰው ወዮለት።

ሬይኖ ኪሎነን በዚህ ሕግ ሥር ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሯል። እናቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ቢሆንም እሱ ዛሬም የሚተኛው ጓዳ፣ የልጅነት አልጋው ላይ ነው፤ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ያልፋል። ትልቁ ክፍል የእናቱ ሰዓትና የእናቱ ወንበር ነው። ሚስት አላገባም። ሴት ጠልቶ አይደለም፤ ሴት ቤት የሚያስኬድ በቂ ጉዳይ ሳያገኝ ዕድሜው ሄደበት እንጂ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ሬይኖ የቀረበት ግን ደጃዝማችነት ብቻ አልነበረም።

በልጅነቱ በላውካቫራ ዘጠኝ ቤት ይጨስ ነበር። አሁን የሚጨሰው ሁለት ነው፤ የሱ ቤትና ከሐይቁ ማዶ ያለው የሂልካ ቤት። በመንገዱ መገንጠያ ላይ በአንድ ሳንቃ የተደረደሩ ዘጠኝ የፖስታ ሳጥኖች ቆመዋል፤ የሰባቱ ክዳን ረግፎ ወፍ ጎጆ ሠርታባቸዋለች። የፖስታው መኪና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ሬይኖ ከቤቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ይወጣል፤ ሂልካ ትንሽ ዘግየት ብላ። ይህ ቀጠሮ አይደለም፤ ሁለቱም ጋዜጣ የሚመጣላቸው ሰዎች ስለሆኑ ብቻ ነው። ስለ በረዶው፣ ስለ ትንኙ፣ በጋዜጣው ላይ ማን እንደ ሞተ ይነጋገራሉ። አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሰባት።

ከዚያ በኋላ ሬይኖ እስከ ማግስቱ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም። ያችን አምስት ደቂቃ ይዟት ይገባና ድንች ሲልጥም ሳውናውን ሲያነድም እሷ ያለችውንና እሱ ማለት የነበረበትን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ብቸኛ ነህ ቢሉት ግን ይቆጣ ነበር። ብቸኛ ማለት ለሱ ውሻ እንኳ የሌለው ሰው ነው። የሱ ውሻ የሞተው አምና ነው።

ሂልካ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ምላሷ ስለታም፣ እጇ ለጋስ፤ የነገሩትን የማትረሳ፣ የነገረችውን የማትደግም ሴት ናት። ከቤቷ ጀርባ አምስት ሄክታር ጫካ አላት። ጥዱን ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአንድ የጸደይ ወቅት፣ ችግኝ በችግኝ፣ ከባሏ ከአርቪ ጋር በእጃቸው ተከሉት። አርቪ በዓመቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጥዱ መሐል ማንም ያልተከለው በርች፣ ያ ነጭ ልጥ ያለው ዛፍ፣ በራሱ ጊዜ በቀለ። በርች ፈጣን ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር በቅርንጫፉ የጥዱን አናት እንደ አለንጋ ይገርፋል፤ አናቱ የተገረፈ ጥድ ደግሞ ሽቅብ መሄዱን ትቶ ይጎብጣል። በየዓመቱ መመንጠር ነበረበት። የሂልካ ዳሌ ግን ደረጃ እንኳ አላስወጣ ብሏታል።

ባለፈው ሰኔ ሳጥኖቹ ጋ ቆመው ሂልካ ከወትሮዋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ልጇ ያርሞ ኦውሉ ከተማ ነው የሚኖረው፤ አባቱ ሲሞት የጫካውና የቤቱ እኩሌታ ለሱ ደርሶታል። ያርሞ ሁለቱንም እንሽጥ ይላል፤ ለእናቱ ካያኒ ከተማ ውስጥ አሳንሰር ያለው አፓርታማ አይቶላታል። እሷ ደግሞ የመንግሥት ድጎማ እንዳለ ሰምታለች፤ የግል ጫካውን በወግ ለሚንከባከብ ሰው የምንጠራውን ወጪ የሚያግዝ። ድጎማውን የወሰደ ሰው ጫካውን ለሰባት ዓመት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እናትና ልጅ በዚህ ተዋውለዋል።

"ድጎማው ከተፈቀደ ያርሞ ሰባት ዓመት ስለ መሸጥ አፉን አይከፍትም፤ ቃሉን ሰጥቶኛል" አለች። "ካልተፈቀደ እፈርማለሁ፤ እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ካያኒ ገብቼ በረንዳ ላይ አበባ ሳጠጣ እኖራለሁ።"

ወረቀቱ ገና እንደሆነ ነገረችው። በነሐሴ መጨረሻ ለዳሌዋ ቀዶ ሕክምና ትገባለች፤ ከዚያ ማገገሚያ ትቆያለች፤ ስትመለስ የደን ባለሙያ ትመጣለች፤ አብረው ይሞላሉ። "የሚሠራው ሰው ብቻ ነው የቀረኝ" ብላ ጋዜጣዋን አጣጥፋ ቆመች።

ሬይኖ የራሱን ጋዜጣ ብብቱ ሥር ሸጎጠ። በዓይኑ የመጣበት ሐይቁ ማዶ ያለው ጭስ ነው፤ ከዚያ ጭሱ የሌለበት ሰማይ። ማለት የነበረበት ሦስት ቃል ነው፤ እኔ ልሥራው እኔ። ሦስቱንም ዋጣቸው። ልጅነቱን ሙሉ የሰው ጉዳይ ውስጥ አትግባ ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ ከዚህም ሌላ እንዲህ ያለውን ቃል ለሂልካ መናገር ለሱ ጋብቻ ከመጠየቅ አይለይም ነበር።

"አዬ" አለ።

ሂልካ ትንሽ ቆማ ነበር፤ የሚጨምረው ካለ ብላ። ከዘራዋን ይዛ ሄደች።

ሬይኖ ስለ ድጎማ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ለራሱ ጫካ ወስዷል። ያኔ መጀመሪያ ሥራው ይሠራል፤ ከዚያ ወረቀቱ ይገባል፤ ከዚያ ሰው መጥቶ ያያል፤ ጥሩ ከሆነ ይከፈላል። እንግዲህ ባለሙያዋ ስትመጣ ያንን የበርች ጥሻ ካየች አፍንጫዋን ነፍታ ትሄዳለች፤ ንጹሕ ጫካ ካየች ግን ትፈርማለች ብሎ አሰበ። ማንንም አልጠየቀም። ስልክ አንሥቶ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ደቂቃ ከማያውቀው ሰው ጋር ከመነጋገር አምስት ሄክታር መመንጠር የሚቀለው ሰው ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሂልካን ታክሲ በወሰዳት በማግስቱ ጀመረ። ጠዋት በጀልባ ሐይቁን ይቀዝፋል፤ ባለ ረጅም ዘንጉን የሞተር መጋዝ በማንገቻው ትከሻው ላይ አንግቶ ይገባል። ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ፣ ፊቱ ላይ መረብ፤ ዓለም በሙሉ ድው ያለ ጩኸት ትሆናለች። በየሰዓቱ ቆሞ የመጋዙን ጥርስ ይሞርዳል። ከዚያ አራት ሜትር የሆነውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን አንዱን ጫፍ ይዞ ዙሪያውን ያዞራል። በዚያ ክብ ውስጥ አሥር ጥድ ከቆመ ልክ ነው፤ ስምንት ከሆነ በጣም ሳስቷል፤ አሥራ አምስት ከሆነ ይሻማሉ። ምሳው ጥቁር ዳቦና ቀዝቃዛ ቋሊማ ነው፤ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አየ። የጥዱ መስመሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዱ ደግሞ ድንጋይ ሲያገኝ ይጠማዘዛል፣ እንጆሪ ያለበት ጋ ይዞራል፣ ተመልሶ ይገባል። ሬይኖ ያን ጸደይ ከማዶ ሆኖ ሁለቱንም ሲተክሉ አይቷል። ቀጥ ያለው የአርቪ ነው። የሚጠማዘዘው የሷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሷ መስመር ውስጥ ሲሄድ ይዘገያል፤ አንዲት ጥድ እንዳትጫር ብሎ በርቹን በእጁ ጎትቶ የሚያወጣበት ቦታ ነበር።

ደስ ብሎት ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ትከሻው ላልቶ፣ ወገቡ እሳት ሆኖ፣ ማታ በጀልባ ሲመለስ አንዳንዴ ያፏጭ ነበር። ስትመለስ ምን እንደምትል ያስባል። "ይህን ማን ሠራው?" ትላለች። "ሰው ነው" ይላታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልደፈረም። በኪሱ ባለች የቀን መቁጠሪያ ላይ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን አንድ አጭር መስመር ያሰምር ነበር። አሥራ አምስት መስመር ሲሞላ ጨረሰ። ለቆቆች መደበቂያ ብሎ ከተዋት አንዲት ቁጥቋጦ በቀር አንድም አልቀረው።

ሂልካ በመስከረም መጨረሻ በሁለት ክራንች ተደግፋ ተመለሰች። ከቤቷ ጫካው አይታይም፤ ጎተራው ይጋርደዋል፤ እስከ ጎተራው ጀርባ መሄድ ደግሞ ተከልክላለች። ፖስታ ሳጥኑ ጋም መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ ጋዜጣዋን ሬይኖ በየቀኑ ያመጣላት ጀመር። ይህ ለሱ ከሰማይ የወረደ ጉዳይ ነበር። በር አንኳኩቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ምን ጉዳይ አመጣህ ስትለው ጋዜጣውን ያነሣል። ስለ ጫካው ሊነግራት በየቀኑ ያስብና ሆድ ይፍጀው ይላል። ባለሙያዋ ትንገራት፤ ከባለሙያ አፍ ሲሰማ ይከብዳል ብሎ።

ሐሙስ ዕለት ባለሙያዋ መጣች። ሄና ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ልጅ ናት። ሂልካን እርስዎ ስትላት ሂልካ ከመቀመጫዋ ሆና "አንቺ በይኝ ባክሽ፤ እርስዎ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል" አለቻት። ከዚያ ሬይኖን ልጅቱን ጫካ እንዲያሳያት ለመነችው፤ እስክትመለሱ የዓሣ ሾርባው ይደርሳል አለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተደርድሯል። ከሳህኖቹ ጎን በእርሳስ የተሞላ ቅጽ ነበር።

ሬይኖ በጎተራው ጀርባ ዞሮ ሲወጣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ጥዱ በብርሃን ውስጥ ቆሟል፤ እያንዳንዱ የራሱ ሰማይ አለው። ሄና ቆመች። ዘወር ዘወር ብላ አየች።

"ይህን ማን ሠራው?" አለች።

"ሰው ነው።"

"የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ለትምህርት የምናሳየው ጫካ እንኳ እንዲህ አያምርም።" ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ የተቆረጠ በርች አነሣች። ቅጠሉ ደርቋል፤ ግን ገና አልረገፈም። ፊቷ ተለወጠ። "መቼ ነው የተሠራው?"

ሬይኖ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። ጻድቅ ሆኖ አይደለም፤ ለመዋሸት ብዙ መናገር ስለሚጠይቅ ነው። ቀኑን ከነመጀመሪያው ከነመጨረሻው ነገራት።

"ማመልከቻው እኮ ገና አልገባም" አለች ሄና። "መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ነው መግባት ያለበት። ደንቡ ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል። ለተመነጠረ ጫካ የመመንጠሪያ ድጎማ አይሰጥም።"

ሬይኖ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን ዘርግቶ ወደ ቆቆቹ ቁጥቋጦ አመለከተ፤ ያልተነካ ትንሽ አለ አላት። ሄና በትዕግሥት ሄዳ አየችው። ከአንድ ሄክታር በታች አይቀበሉም፤ ያቺ ቁጥቋጦ ደግሞ ከአንድ ቤት ግቢ አትበልጥም። ልጅቱ ሌላ መላ ፈልጋ ካርታዋን አገላበጠች፤ አዝናለች፣ ያስታውቃል። ሬይኖ ካርታውን አላየም። የሚያየው በሂልካ መስመር ላይ የደረደራቸውን ጉቶዎች ነበር። አንድ በአንድ በገዛ እጁ ያስቀራቸው ናቸው።

ቤት ሲገቡ ሂልካ ጭልፋውን ይዛ ምድጃው ጋ ቆማ ነበር። ሄና ልትናገር አፏን ስትከፍት ሬይኖ ቀደማት። እንዴት እንደቀደመ ራሱም አያውቅም።

"እኔ ነኝ። ሆስፒታል ሳለሽ መነጠርኩት።"

"አምስቱንም ሄክታር?"

"ለቆቆች ትንሽ ትቻለሁ።"

ሄና የቀረውን አስረዳች። ሂልካ እስከ መጨረሻው ሰማች። ምንም መላ የለውም ወይ ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀች፤ የለውም ተባለች። ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሾርባው ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ ማንም አላወረደውም።

"ስንት ቀን ፈጀብህ?" አለች በመጨረሻ።

"አሥራ አምስት።"

ሂልካ ሳቀች፤ ደስ የማይል አጭር ሳቅ ነበር። ቅጹን በጣቷ ገፍታ ፊቱ አመጣችለትና አንብበው አለችው። ሬይኖ መነጽሩን አወጣ። በእርሳስ፣ ያዘነበለው የሷ ጽሕፈት ነው። ሥራውን የሚሠራው፦ ሬይኖ ኪሎነን፣ ጎረቤት። የሥራ ቀን፦ በግምት አሥራ አምስት። ከሥሩ፣ ቅጹ ምንም ያልጠየቀበት ነጭ ቦታ ላይ፣ ምሳ ከቤት የሚል ተጽፏል።

"ሰኔ ላይ ሳጥኑ ጋ የቆምኩት ይህን ልጠይቅህ ብዬ ነው" አለች። "አሥራ አምስት ቀን ጉዳይ ይኖረናል፣ በዚህ ጠረጴዛ ትበላለህ፣ ሰው ያለበት ቤት ይሆናል ብዬ። አንተ አዬ ብለህ ሄድክ። ለምን አልጠየቅኸኝም፣ አንተ ሰው?"

ሬይኖ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን መልሶ ገፋላት። ሄና አንገቷን ደፍታ ሳህኗን ታያለች። ሂልካ ተነሥታ ሾርባውን ቀዳች፤ ሦስቱም በሉ፤ ምን እንደበሉ ግን ከሦስቱ የሚያስታውስ የለም።

ያን ቀን ሬይኖ በጀልባ ሲመለስ ሐይቁ መሐል መቅዘፉን ተወ። ጀልባው በገዛ ፈቃዱ ሲንሳፈፍ ቆየ። ሰው ለሃምሳ ዓመት የፈለገውን ነገር በገዛ ትጋቱ፣ ያውም ደስ እያለው ሊያፈርሰው ይችላል፤ ይህ ነበር የገባው። አልቅሶ ቢሆን ይቀለው ነበር። አላለቀሰም። ቤቱ ገብቶ የእናቱን ሰዓት ሞላና ተኛ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ለበርች ጥሻ ደህና ዋጋ የሚሰጥ ገዥ አይገኝም ነበር፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ንጹሕ ጫካ ግን በሳምንት ውስጥ ተገኘ። ያርሞ ስልክ ደውሎ ማን እንደመነጠረው ባላውቅም ምስጋና ይግባው አላት። ሂልካ ይህን ለሬይኖ ስትነግረው ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ከቁጣው ይበልጥ ጎዳው። ቃሏን ሰጥታለች፤ ፈረመች። ዕቃዋን የሚጭነው መኪና በኅዳር መጀመሪያ ይመጣል።

ጋዜጣውን ሊያቀብላት ከመጣባቸው ቀኖች በአንዱ እንዲህ አለችው። "ይህ ቤት ሠራተኛ አሠርቶ ሳያበላ የቀረበት ጊዜ የለም። አማቴም አላደረገችው፣ እኔም አላደርገው። አሥራ አምስት ምሳ አለህ። ነገ በአምስት ሰዓት ና።"

ጉዳይ ነው። ሬይኖ መጣ።

በመጀመሪያው ቀን የአተር ሾርባ ነበር፤ ከ"ጨው አቀብለኝ" በቀር ቃል አልወጣቸውም። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ስለ አየሩ ተናገሩ። በአራተኛው ቀን ሂልካ አርቪ እንዴት ያንኮራፋ እንደነበር ነገረችው፤ እስከ ማዶ ይሰማ ነበር ሲላት ሹካዋን ጥላ ሳቀች። በሰባተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ አይታ እንዳላየ ሆነች፤ ግን ያን ቀን ድንቹ ላይ ቅቤው በዝቶ ነበር። ከቀን ወደ ቀን ግድግዳው ላይ ያሉት ነገሮች እየጎደሉ፣ በየጥጉ ካርቶን እየበዛ ሄደ። ስለ ካርቶኖቹ አልተነጋገሩም።

በአሥረኛው ቀን ሬይኖ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"የአርቪ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ያንቺ ይጠማዘዛል።"

ሂልካ ለአፍታ ምን እንደሚል አልገባትም። "ጥዱን ነው?"

"ጥዱን። ከማዶ ሆኜ ስትተክዪ አይቼ ነበር።"

"ታዲያ የኔን ቀጥ አደረግኸው?"

"አይ። እንዳለ ተውኩት።"

ሂልካ ተነሥታ ወደ መታጠቢያው ሄደችና ንጹሕ የነበረ ኩባያ ረጅም ጊዜ አጠበች። ሬይኖ ጀርባዋን እያየ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ብዙ ተነጋገሩ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ሞተው ውሻ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሆነው ያልተባባሉት ነገር ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ ወጣ። ሬይኖ ማታ ቤቱ ሲገባ ዝምታው እንደ አዲስ ጫማ ያመው ጀመር። ድሮ ይህን ያህል ዝም ያለ ቤት እንደነበረ አላወቀም ነበር።

አሥራ አምስተኛው ቀን ሰኞ ነበር። ሌሊቱን የመጀመሪያው በረዶ ወርዷል። ሂልካ የተጋገረ ዓሣ አቀረበች፤ በሉ፤ ቡና ጠጡ። ሳህኑን ስታነሣ ሬይኖ ከአግዳሚው አልተነሣም። ኮፍያውን በእጁ ያዞራል።

"አሳስቼሽ ነበር" አለ። "አሥራ ስድስት ቀን ነው የሠራሁት።"

ሂልካ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ያቺን በየቀኑ መስመር የምትሰመርባትን የኪስ ቀን መቁጠሪያ መንደሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ከመንደሩ የቀረችው ደግሞ እሷ ናት። ፊቱን አየችው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

"አሥራ ስድስት ከሆነ አሥራ ስድስት ነው" አለች። "ነገ ና።"

ማክሰኞ ድስቱና ሳህኑ ሁሉ ታሽጎ ነበር። ካርቶን ላይ ተቀምጠው ጥቁር ዳቦና ቀዝቃዛ ቋሊማ በሉ። ሬይኖ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምሳ አልበላም።

ረቡዕ ጠዋት ያርሞ በጭነት መኪና መጣ። ሬይኖ ዕቃ አሸከመ፤ ቁም ሣጥን ሲያወርዱ ያርሞ አመሰገነው፤ እሱ አዬ አለ። ሂልካ መኪናው ፊት ወንበር ላይ ወጥታ ስትቀመጥ ክራንቿን አቀበላት። መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ሬይኖ። አሥራ አምስት ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ።

መስኮቱን እንደከፈተች መኪናው ሄደ። እስከ መገንጠያው ድረስ በበረዶው ላይ የጎማውን መስመር ተከትሎ በእግሩ ወረደ። አራት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፤ የፖስታው መኪና መጥቶ ሄዷል። ሳጥኑን ከፍቶ ጋዜጣውን አወጣ። ከዚያ ሳያስበው፣ ከልማዱ፣ የሂልካንም ሳጥን ከፈተ። የሷም ጋዜጣ ነበር። የጋዜጣዋን አድራሻ አላስለወጠችም፤ የነገሩትን የማትረሳው ሴት፣ ከካርቶኖቹ ላይ ሁሉ ስሟንና አዲሱን አድራሻዋን በትልቁ የጻፈችው ሴት፣ ይህን ብቻ ትታዋለች።

ከሐይቁ ማዶ ጭስ አልነበረም። ሬይኖ ሁለቱን ጋዜጣ ብብቱ ሥር ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ወደ ካያኒ የሚሄደው አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ። ዓርብ ከነገ ወዲያ ነው። የሷን ጋዜጣ እንዳይረጥብ ካፖርቱ ውስጥ አገባውና ወደ ቤቱ ወጣ።